ያገለገለ ስፖርት መኪና ለቤተሰብ፦ ከለገጣፎ በየቀኑ መሃል ከተማ የሚመላለስ የቱን ይግዛ?

#1 ባለለገጣፎ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ገና አፈር ነው። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ሁለት ሊሞላው ነው። ጠዋት ልጅቷን ሲኤምሲ ትምህርት ቤቷ እናደርሳለን፣ ትንሹን ጉርድ ሾላ አያቱ ጋ እንተዋለን፣ ባለቤቴ መገናኛ ትወርዳለች፣ እኔ ወደ ቦሌ እቀጥላለሁ።

እስከ ዛሬ የነዳነው ቪትዝ ነው። ብዙ አገልግሎናል፣ ክፉ አልናገረውም። ግን የሁለቱ ልጆች ወንበር ከኋላ ከገባ በኋላ ለዕቃ የሚተርፍ ቦታ የለም። የአስቤዛ ቀን ዘይቱና ዱቄቱ ባለቤቴ እግር ስር ነው የሚቀመጠው።

ስፖርት መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ባለቤቴም መንዳት ትወዳለች። «ከገዛን አይቀር ሁለታችንም ደስ ብሎን የምንነዳው ይሁን» ያለችው እሷ ናት። ከጥር 2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ምርጫችን አገር ውስጥ ካሉት ነው። ለአቅማችን የሚቀርቡ አራት አግኝቻለሁ፦ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ የ2004 ባለ 2.0 ተርቦ ማንዋል፣ ማዝዳ አር ኤክስ 8፣ ሌክሰስ አይ ኤስ 300፣ እና ቮልስዋገን ጎልፍ ጂ ቲ አይ የ2007። አራቱም ኮድ 2 ናቸው። አራቱም ግራ መሪ።

የምትነዱ፣ የነዳችሁ፣ የጠገናችሁ ንገሩኝ። የቱ ነው ሰኞ ጠዋት ልጅ ጭኖ ሊወጣ የሚችለው?

#2 ቆጣቢው

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር በላይ መግባቱን አትርሳ። አራቱም ከቪትዝህ ብዙ አብልጠው ይጠጣሉ። ኮሮላ ግዛ፣ ልጆችህን አሳድግ። መለዋወጫ በየመንገዱ ታገኛለህ፣ ልሽጥ ስትል በሳምንቱ ይሸጣል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

#3 የጋራዥ ሰው

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሞተር ስር ነው የጨረስኩት። ቆጣቢው ያለው እውነት ነው፤ ኮሮላ የሚያሳፍር መኪና አይደለም። አንተ የጠየቅከው ግን ሌላ ስለሆነ እሱን ልመልስ።

መጀመሪያ ከፍታውን አስብ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናቸው። ሱሉልታና እንጦጦ ከዚያም ይበልጣሉ። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና እኛ ጋ 150 ቢሰጥህ ነው። አይ ኤስ 300 ባለ 3.0 ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ ቢቀንስም የሚተርፈው አለው። አር ኤክስ 8 ግን ድሮም ጉልበቱ ያለው ከፍ ባለ ዙር ላይ ነው። ዳገት ላይ ሰው ጭነህ ስትወጣ ታዝንበታለህ።

ተርቦ ያለው አየሩን ራሱ ስለሚጨምቅ የጎደለውን በአብዛኛው ይሞላል። ስለዚህ ሱባሩውና ጎልፉ ለዚህ አገር ይመቻሉ። ግን በነፃ አይደለም። ያን ለማድረግ ተርቦው ቆላ ላይ ከሚሽከረከረው በላይ ይሽከረከራል፣ ይግላል። ዘይቱን በሰዓቱ ያልቀየርክለት ተርቦ እዚህ ቶሎ ይሞታል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢልህም አንተ በ5,000 ቀይር። በአቧራና በትራፊክ መጨናነቅ የሚሠራ ሞተር ነው።

ሁለተኛው ነገር ቤንዚኑ ነው። የተርቦ መኪኖች መጽሐፍ 95 ኦክቴንና ከዚያ በላይ ይላል፤ ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ያለጊዜው ሳይነድ የሚችልበት ልክ ነው። ማደያ ሄደህ ኦክቴን ልምረጥ አትልም፤ ያለውን ነው የምትቀዳው። ስለዚህ «ቺፕ ተደርጎለታል፣ ጉልበት ተጨምሮለታል» የሚሉህን ተርቦ ሽሽ። በፋብሪካው ልክ ያለው ሞተር የነዳጁን ድክመት ሲሰማ ራሱን ያለዝባል። የተነካካው ፒስቶን ይሰብራል።

አር ኤክስ 8ን ከዝርዝርህ አውጣው። መኪናው ውብ ነው፣ መሪው የሚያስደስት ነው፣ ሰው ቢወደው አይገርመኝም። ሞተሩ ግን ፒስቶን የለውም፤ ሮታሪ ነው። ዘይት የሚያቃጥለው ተበላሽቶ ሳይሆን እንዲያቃጥል ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ በየጊዜው እየለካህ ትጨምራለህ። ከግቢ አውጥተህ ሳይሞቅ ካጠፋኸው በቤንዚን ታፍኖ አልነሳም ይልሃል። ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ኃይል፣ ለመለካት እንኳን የተለመደው መለኪያ አይሆንም፤ የራሱ መሣሪያ አለው። የሰው ሐኪምና የእንስሳ ሐኪም ይለያያል አይደል? ያን ሞተር የሚያክም ሰው በከተማው ፈልገህ ሳታገኝ አትግዛ።

#4 እናት_ከአባዶ

ሁሉም ስለ ሞተር ነው የሚያወራው። እኔ ስለ ኋላ ወንበር ልናገር።

የምኖረው የካ አባዶ ነው። እኔም ሁለት ልጅ ይዤ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሰጥሽ ጊዜ ትንሽ ነው። ከኋላሽ ክላክስ ይነፋል፣ ዘበኛው እጁን ያወዛውዛል። ልጅ ቶሎ ማውረድ፣ ቦርሳ ማውጣት፣ በር መዝጋት።

አር ኤክስ 8 አራት በር ነው ይሉታል። ግን የኋላው በር የፊተኛው ካልተከፈተ አይከፈትም። ልጅ ለማውረድ ሹፌሩ ወይም ከፊት ያለው ሰው በሩን መክፈት አለበት፣ ከዚያ የኋላው ወደኋላ ይከፈታል። መቀመጫውም አራት ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ሰው አይገባም። ጋሼ ከላይ ባሉት ላይ ይህን ጨምሩበት።

አንድ ነገር አደራ፦ የልጆቹን ወንበር ይዘህ ሂድ። ሻጩ ፊት አስገባው። አይሶፊክስ የሚባለው የብረት መያዣ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል አለ ወይ? ጣትህን ከተህ ፈልግ። ጎልፉ ከኋላ ግራና ቀኝ አለው። የ2004ቱ ሱባሩ ግን ለየትኛው አገር እንደተሠራ ይለያያልና አይተህ እመን። ከሌለው በቀበቶ የሚታሰር ወንበር አለ፤ ቀበቶው ግን አጥብቆ የሚይዝና የማይላላ መሆን አለበት። ትንሹ ፊቱን ወደኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ከፊት ወንበሩ ጋር ያለውን ክፍተት እዩ። ያ ወንበር ቦታ ይበላል፤ ከፊት የምትቀመጠው ባለቤትህ ጉልበቷ ዳሽቦርድ ይነካል። ኤርባግ ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ ግን ወደኋላ የዞረ ሕፃን በፍጹም አይቀመጥም። ኤርባጉ ከፈነዳ ይገድለዋል።

ስድስት ዓመት የሞላት ከፍ የሚያደርጋት ትራስ ይበቃታል፤ እሱ ጠባብ ስለሆነ ለሌላ ሰው ቦታ ይተርፋል።

#5 ባለለገጣፎ

እናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበሩን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ባለቤቴ አንብባው «አር ኤክስ 8 ቀረ» ብላለች። ጋሼ፣ ለእርስዎም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ደብሊው አር ኤክስ የሚነዳ ሰው የለም? ኮብልስቶኑን እንዴት ነው የሚችለው?

#6 ሱሉልታ_ተርቦ

አለሁ። የእኔ የ2003 ነው፣ ከሱሉልታ ነው የምመላለሰው። ቤተሰብ አለኝ፣ ሌላ መኪና የለኝም። ስለዚህ የምነግርህ የቅዳሜና እሑድ ወሬ አይደለም።

ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ለስፖርት መኪና ጥሩ ነው። ስፒድ ብሬከር ላይ በጎን መሄድ አያስፈልግም፣ ሙሉ ሰው ካልጫንክ ሆዱ አይነካም። አንዳንዱ ባለቤት ግን ስፕሪንጉን ቆርጦ ወይም ቀይሮ ዝቅ አድርጎታል። ያንን አትግዛ። ክረምት ላይ አራቱም ጎማ ስለሚጎትት ጭቃ ውስጥ የቆመበት ቀን የለም። የሰፈራችን ሰዎች ፒካፕ ሲያስገፉ እኔ በቀስታ አልፋለሁ። ይሄን ብቻ ብሎ የሚገዛው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

አሁን የማይነገረውን ልንገርህ። አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣ የአረጀበት መጠንም ተቀራራቢ መሆን አለበት። እኛ አገር አንድ ጎማ ሲፈነዳ አንድ ገዝቶ መግጠም ልማድ ነው። በዚህ መኪና አይሆንም። አዲሱና አሮጌው ጎማ ዙራቸው ስለሚለያይ የፊትና የኋላውን የሚያከፋፍለው ክፍል ሲታገል ይውላል፣ ይግላል፣ ይበላል። ስለዚህ ልታየው ስትሄድ መጀመሪያ ጎማዎቹን ተመልከት። አራት ዓይነት ጎማ የገጠመ ባለቤት ሌላውንም አልተንከባከበውም።

ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው፣ ጠንካራ አይደለም። በጉልበት ያስነሱት ሰዎች ሰብረውታል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየቀያየርክ ድምፅ አዳምጥ። የታይሚንግ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋር ይጋጫሉ፣ ሞተር አለቀ ማለት ነው። «ተቀይሯል» ካሉህ ደረሰኝ ጠይቅ። ደረሰኝ ከሌለ ያልተቀየረ ነው ብለህ ሂሳቡን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

ከእንጦጦ ስትወርድ ደግሞ ፍሬን ላይ አትተኛ፣ በማርሽ ያዘው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ማንም አይቀይረውም፣ እኔ ግን እቀይራለሁ።

ነዳጅ፦ ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር አካባቢ ይበላል። አላሳምርልህም።

#7 ኮዬ_ኤሌክትሪክ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለምንድን ነው ኤሌክትሪክ ማንም ያላነሳው? እኔ ኮዬ ፈጬ ነው ያለሁት፣ የቮልስዋገኑን አይ ዲ 4 ነው የምነዳው። 150 ኪሎ ዋት ሞተር ነው፤ ወደ 204 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩ አየር ስለማይስብ በ2400 ሜትር ላይም ያው 204 ነው። ከቆመበት ስትረግጠው ከኋላ የሚገፋህ ነገር ከብዙ ስፖርት መኪና ይበልጣል። አምስት ሰው ይይዛል፣ ጭነት ክፍሉ ሰፊ ነው። ነዳጅ ሰልፍ የለም። ያገለገለም እየመጣ ነው።

#8 ባለለገጣፎ

ወንድሜ ትክክል ነህ፣ አስበንበት ነበር። ሁለት ነገር ያዘን። አንደኛው ዋጋው ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው መብራት ነው። እኛ ሰፈር ሲጠፋ ቶሎ አይመለስም፣ የተከራየንበት ግቢም ለብቻው የሚሆን ጠንካራ መስመር የለውም። ቤት ስንሠራ እንመለስበታለን። እውነት ለመናገር ደግሞ ማርሽ መቀየር እወዳለሁ። ልጄ ከኋላ ሆና «አሁን ሦስተኛ!» ትላለች።

#9 ኮዬ_ኤሌክትሪክ

መስመሩ ከሌለ ልክ ነህ። በተለመደው ሶኬት ብቻ መተማመን በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ያስጨንቃል። መልካም ዕድል።

#10 ጂቲአይ_አያት

የጎልፉን ጎን እኔ ልያዝ። አያት ነው የምኖረው።

ልብ በሉልኝ፣ የእኔው አምስት በር፣ አምስት መቀመጫ ነው፤ ከኋላ 350 ሊትር የጭነት ቦታ አለው። የሕፃን ጋሪ ይገባል፣ የአስቤዛው ዘይትና ዱቄት ይገባል። መልኩ ተራ ጎልፍ ነው፣ ማንም አያይህም። እኔ እሱን እወዳለሁ፤ ሰፈር ውስጥ የሚያጓራ መኪና ይዞ መግባት አልፈልግም፣ የተኙ ሕፃናት አሉ።

ቁመቱ ችግር ነው። ከተራው ጎልፍ በ15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። መፍትሔው ጎማው ላይ ነው። ብዙዎቹ 225/45 ባለ 17 ኢንች ይዘው ነው የመጡት። እኔ ወደ 205/55 ባለ 16 ቀየርኩት። የጎማው ጠቅላላ ዙር ያው ነው፣ የፍጥነት መለኪያው አይዛባም፤ የጎማው ጎን ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል። ኮብልስቶን ላይ ልዩነቱ በወገብህ ይሰማሃል፣ ቸርኬም አይጎብጥም። ከ16 በታች ግን አትውረድ፣ የፊት ፍሬኑ አያስገባውም።

ሞተሩ ላይ አንድ የታወቀ ሕመም አለ። ከፍተኛ ግፊት ያለውን የነዳጅ ፓምፕ ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር የምታገናኝ ትንሽ ብረት አለች። ትበላለች። ሦስት ብሎን ፈተህ ነው የምታያት፤ መቀየሪያዋ ርካሽ ነው። ተበልታ ካለቀች ግን ካምሻፍቱን ይዛ ትሄዳለች። መግዣው ቀን ይታይ።

ማንዋል ከሆነ አትጠራጠር። ዲ ኤስ ጂ የሚባለው ራሱ ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ ከሆነ ባለ ስድስቱ ማርሽ በዘይት የሚሠራ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ዘይቱና ፊልትሩ በየ60,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። በኋላ የመጣው ባለ ሰባቱ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ነው፤ የመገናኛን መጨናነቅ አይወድም። የ2007 ጂ ቲ አይ ባለ ስድስቱ ነው፣ አትስጋ።

#11 ወግ_አጥባቂ

አይ ኤስ 300ን ማንም አልተከራከረለትም። ሞተሩ 2ጄዜድ ነው ወገኖቼ! የቶዮታ ነው። መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ብዙ ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ ተርቦ የለውም፣ የሚሰበር ነገሩ ጥቂት ነው። ነዳጅ ይበላል፤ ከሱባሩው ቢብስ እንጂ አያንስም። የኋላ ጎማ ስለሚገፋ ጭቃ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ከኋላ መሃል ያለው ጉብታ ከፍ ያለ ስለሆነ ሦስተኛው ሰው እግሩን የሚያደርግበት ያጣል። ግን እንደ እሱ ተማምኜ ረጅም መንገድ የምወጣበት መኪና ከዝርዝሩ ውስጥ አላይም።

#12 የጋራዥ ሰው

ወግ አጥባቂ ልክ ነው። እኔ ብሆን ቤቱ አስፋልት ዳር ለሆነ ሰው አይ ኤስ 300ን ነበር የምመርጥለት። ለዚህ ልጅ ግን መንገዱ አፈር ነው።

መኪናውን ልታይ ስትሄድ ለሻጩ «ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በለው። ሞቆ የጠበቀህ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ኮፈኑን በእጅህ ንካው፤ ሞቆ ካገኘኸው ሌላ ቀን ተመለስ። በቀዝቃዛው ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ ሆኖ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ ማሸጊያ፣ ጠርጥር። የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለካ። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ይብለጥብህ። ከዚያ ዳገት ላይ ንዳው፤ ለገጣፎ ካለህ ዳገት አይጠፋም።

የአየር ፊልትሩን ክፈተው። ክፍት ፊልትር፣ ያ እንጉዳይ የሚመስለው፣ ከተገጠመ አቧራ ሲውጥ ኖሯል ማለት ነው። ተርቦውን ይበላዋል።

ገንዘብህን ሁሉ መኪናው ላይ አትጨርስ። በመጀመሪያው ወር ቺንጋ፣ ዘይቶች፣ ፍሬን፣ ጎማ ትቀይራለህ። ያ ገንዘብ ከሌለህ መኪናው ለአንተ ውድ ነው ማለት ነው።

#13 ሰነድ_ይቅደም

አንድ ነገር ስለወረቀት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስህ አመሳክር፤ ደላላ አንብቦልህ አይሆንም። በስፖርት መኪኖች ሞተር የተቀየረላቸው ብዙ ናቸው። የተቀየረው ሞተር ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ስም ስታዞር ትቆማለህ። ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ፋይሉ ካለበት ቢሮ አጣራ። ክፍያውን ውልና ማስረጃ ሳትፈራረም አትስጥ። ሙሉ ኢንሹራንስ የምትፈልግ ከሆነም ሳትገዛ ጠይቅ፤ ብርቅ ለሆነ መኪና ዕቃ ስለማይገኝ ውሉ ላይ የሚጨምሩት ነገር ሊኖር ይችላል።

#14 የባለለገጣፎ_ባለቤት

ሰላም ለሁላችሁ። የጠያቂው ባለቤት ነኝ፤ ውይይቱን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔም በየቀኑ ስለምነዳው ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቁመቴ አጭር ነው። የሱባሩው ፍሪሲዮን ከባድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ በመጨናነቅ ስረግጥ ብውል እግሬ ይችለዋል? ሁለተኛ፣ ጎልፉን ከመረጥን ክረምት ላይ የአፈሩን መንገድ ያልፋል ወይስ አስፋልት ዳር አቁመን በእግር እንግባ?

#15 ሱሉልታ_ተርቦ

እህቴ፣ ከቪትዝ አንጻር ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። በፋብሪካው ፍሪሲዮን ከሆነ ይለመዳል፤ ባለቤቴም ትነዳዋለች። «ስፖርት ፍሪሲዮን» ተገጥሞለት ከሆነ ግን መኪናውን ተዉት። ጋሼ ያሉት ትዝ ይበልሽ፤ የተነካካ ነገር አትግዙ። ደግሞ ሳትስማሙ አንቺ ራስሽ ንጂው፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት።

#16 ጂቲአይ_አያት

ጎልፉ የፊት ጎማ ነው የሚስበው። ቀጭን ጭቃ ያልፋል። የመኪና ጎማ ቦይ የሠራበት ጥልቅ ጭቃ ላይ ግን ሆዱ ይቀመጣል። መንገዳችሁ በሐምሌ ያ ዓይነት ከሆነ ከእኔ መኪና ይልቅ የሱሉልታው ይሻላችኋል። ወዳጄን ከምሸጥላችሁ እውነቱን ብነግራችሁ ይሻላል።

#17 ባለለገጣፎ

ጥልቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሚኒባስ እንኳን አይገባም።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሱባሩውን ልናይ ነው። ሻጩን ሞተሩን እንዳያስነሳ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል። ባለቤቴ ትነዳለች፣ የልጆቹን ወንበሮች ይዘናል። ጎማው አራት ዓይነት ከሆነ ወይም ዝቅ ከተደረገ ሳንደራደር እንመለሳለን። ካልሆነ ወደ ጎልፉ እንሄዳለን፤ በክረምቱም ለሁለት ወር አስፋልት ዳር እናቆማለን።

ጋሼ፣ ኮምፕሬሽን ለማስለካት ሱባሩውን ወደ ማንኛውም ጋራዥ ብወስደው ይሆናል?

#18 የጋራዥ ሰው

አይሆንም ልጄ። ሞተሩ ጎን ለጎን የተኛ ነው፤ ሻማዎቹ ከሞተሩ አናት ላይ ሳይሆን ከጎን ናቸው፣ ለእጅ ይጠብባሉ። የማያውቀው ሰው ሻማውን በጠማማ አስገብቶ የቴስታታውን ጥርስ ያበላሽብሃል። ሱባሩ ሲሠራ የኖረ ሰው ፈልግ። ሱሉልታ_ተርቦ የሚያሠራበትን ይጠቁምህ። ኮምፕሬሽን የሚለካው ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ነው፤ እንደጋለ ግን ሻማ አይፈታም። ስለዚህ ጠዋት ከነዳችሁት በኋላ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቁ፣ አትቸኩሉ።

#19 ሱሉልታ_ተርቦ

በውስጥ መስመር ቦታውን ልኬልሃለሁ። ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ይሠራሉ፤ መንገዳችሁን ጠዋት በማለዳ ጀምሩ። ከፈለግክ እኔም እመጣለሁ።